አውጫጭኝ በቅርጫት ኳስ ሜዳ

ጎንደር ውስጥ የቅርጫት ኳስን ሕግ ከማንም ቀድሞ አንብቦ የተረዳ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ይኖራል፤ ይምሰለው። ድብ ባሕር ተወልጄ፣ ፊደልን በሌሎች ተማሪዎች ትከሻ ላይ አጮልቄ ለይቼ፣ ጣሊያንኛን ካምዮን ሲፈታና ሲገጠም ቆሜ ሰምቼ፣ እንግሊዝኛን ከዘይት በርሜልና ከጎማ ላይ ጽሑፍ የለቀምሁ ሰው ነኝ። የኳሱን ሕግ የያዘች ቀጭን መጽሐፍ ከአስመራ ስትመጣ ሌሎቹ ሥዕሏን አይተው ሲስቁ እኔ ከዳር እስከ ዳር አነበብኋት። የቡድኑ አምበል የሆንሁትም በዚህ ነው እንጂ በቁመቴ አይደለም። በቁመት የሚበልጡኝ ነበሩ፤ በሌላ ነገር ግን የሚበልጠኝ አላየሁም።

ዘመኑ ጣሊያን ወጥቶ፣ ጃንሆይ ተመልሰው፣ አገር የረጋበት ነው። በጎንደርና በአስመራ መካከል ካምዮን የሚያመላልስ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። አስመራ ላይ የቅርጫት ኳስ አይቶ ልቡ ስለተነካ እሱም የራሱን ቡድን አቋቋመ። ሜዳው ጣሊያኖች ለካምዮን ማቆሚያ ሲሚንቶ ያፈሰሱበት የጋራዡ ግቢ ነው። ጠዋት ትንሽ ጎማ እናነሣለን፣ የቀረውን ቀን ኳስ እንጫወታለን፣ ወር ሲሞላ ደመወዝ እንቀበላለን። ኳስ ተጫውቶ ደመወዝ የሚበላ ሰው በዚያን ጊዜ በጎንደር ከእኛ በቀር አልነበረም። ፒያሳ ስንወጣ ታዲያ የሚያላግጥብን አይጠፋም።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?» ይለናል አንድ ልብስ ሰፊ፣ እያወቀ።

«ኳስ ቅርጫት ውስጥ መክተት።»

«ቅርጫቱ ቂጥ የለውም ሲሉ ሰማሁ።»

«የለውም።»

«ታዲያ መቼ ሊሞላላችሁ ነው?»

ስናሸንፍ አብረነው እንስቅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሳቁ ለእሱ ብቻ ቀረ። የአዘዞ ወታደሮች አሸነፉን፤ የመንገድ ሥራ ሠራተኞቹ አሸነፉን፤ የአስተማሪዎቹ ቡድን እንኳ፣ ግማሾቹ መነጽር አድርገው እየተጫወቱ፣ አሸነፉን። ጥምቀት እንዳለፈ ነጋዴው ግቢው ውስጥ ሰብስቦን፣ ጃንጥላውን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ።

«እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ ይህ ሜዳ የኑግ መጋዘን ይሆናል፤ እናንተም ወደየእርሻችሁ።»

ለሁላችንም መርዶ ነበር፤ ለእኔ ግን ይብስ ነበር። ከድብ ባሕር ስወጣ መሬቱንም በሬዎቹንም ለታናሽ ወንድሜ ትቼ፣ ሞፈር ዳግመኛ አልጨብጥም ብዬ በሰው ፊት ተናግሬ ነው የወጣሁት። ብመለስ የታናሼ አራሽ ልሆን ነው። ደመወዝተኛ ሆኜ፣ ጫማ አድርጌ፣ ጎንደር ላይ ስሜ ሲጠራ ከርሜ ይህን አልቀበለውም።

ነጋዴው ከዛቻው ጋር አዲስ አሰልጣኝም አመጣልን። ሰውዬው የመጣው ከአስመራ በነጋዴው ካምዮን፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። እኔ ገና ከካምዮኑ ላይ ሲወርድ ነው የጠረጠርሁት። እኛ ዘንድ አለቃ የሆነ ሰው ድምፁ ይሰማል፤ ይህ ሰው ግን ሊያርመን ሲፈልግ ጆሯችን ሥር መጥቶ ያንሾካሹካል። አንዱን ሲያርመው ሌላው አይሰማም። እኔን አምበሉን ደግሞ ስለ ተጫዋቾቹ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ሕጉን እንደማውቅ ልነግረው ብሞክር «ሸጋ፣ ሸጋ» አለኝ፤ ቃሉን ከእኛው ተምሮ በእኛው ላይ የሚያላግጥ መሰለኝ። በሳምንቱ ደግሞ ፒያሳ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከወታደሮቹ አሰልጣኝ ጋር ማኪያቶ ሲጠጣ አየሁት። ሁለቱም ይስቃሉ። ከተሸናፊ ጋር የሚስቅ አሸናፊ ያጋጥማል፤ ከአሸናፊው ጋር የሚስቅ ተሸናፊ ግን ምን አግኝቶ ነው?

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ ጨዋታው ዓርብ በስምንት ሰዓት ይደረግ ነበር። የእኛ ተጫዋቾች ደግሞ ሁሉም የደጋ ልጆች ናቸው፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ወታደሮቹ በሰፈራቸው በትእዛዝ በልተው ይመጣሉ። እኛ የመጀመሪያውን አጋማሽ እንደ ፈረስ ሮጠን በሁለተኛው ጉልበታችን ይከዳናል። አሰልጣኙ ጨዋታው ወደ አሥር ሰዓት እንዲዛወር ነጋዴውን ለመነው። ነጋዴው ራሱ ጾሙን አጥብቆ የሚጾም፣ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ የሚያለብስ ሰው ስለሆነ «ክርስቲያን በጾም ይበረታል እንጂ አይደክምም» ብሎ መለሰው። ነገሩ በዚህ የቀረ መስሎኝ ነበር።

የአሰልጣኙ መኝታ ክፍል ከጎማ መጋዘኑ አጠገብ ነው። አንድ ጠዋት ጎማ ሳወርድ የኮሶዬው ረጅሙ ተጫዋቻችን ከዚያ ክፍል ሲወጣ አየሁት። ግራ ቀኝ ተመለከተ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ግድግዳውን ተጠግቶ ሄደ። በነጋታው የጭልጋው ልጅ እንዲሁ ወጣ፤ እሱም አፉን ጠረገ። በሦስተኛው ቀን ሌላው። ሁልጊዜ አንድ አንድ ሰው ብቻ፣ ሁልጊዜ ከልምምድ በፊት። ረጅሙን ጠራሁት።

«ምነው፣ ከአሰልጣኙ ቤት ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም አያ። ጫማዬን ሊያሰፋልኝ ነው።»

«ጫማህን በአፍህ ነው የምታደርገው?»

«ኧረ ተወኝ አያ፣ በጾም ሰው አታስቀይም» ብሎኝ ሄደ። ዓይኑ ግን ዓይኔን አላየም። ይህ ልጅ ገበያ ላይ አንድ ዳውላ እህል ለብቻው የሚሸከም፣ ሰው የማይፈራ ልጅ ነው። የፈራው ነገር ቢኖረው ነው አልሁ። አረቄ እያጠጣ ገንዘብ ያስይዛቸዋል ማለት ነው። ለማን? ለወታደሮቹ። ማኪያቶውም ሳቁም ትርጉም አገኘልኝ።

የሚቀጥለው ዓርብ ጨዋታ ጥርጣሬዬን አጸናው። የልጆቹ ጉልበት ጨርሶ አልደከመም ነበር፤ በሁለተኛው አጋማሽ እንደ መጀመሪያው ይዘላሉ። ነገር ግን ኳስ አይቀባበሉም። ረጅሙ ከቅርጫቱ ሥር እጁን ዘርግቶ ቆሞ የጭልጋው ልጅ አያቀብለውም፤ ራሱ ይሞክራል፣ ይስታል። ረጅሙም ኳስ ሲይዝ ማንንም አያይም። አንዱ አንዱን እንደ ሌባ በዓይኑ ይከተለዋል። ጉልበት ኖሮን ተሸነፍን። እንዲህ ያለ ሽንፈት በፊት አላየሁም፤ ነጋዴውም አላየም። ጨዋታው እንዳለቀ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

«የሸጠን ሰው አለ» አለኝ።

«እኔም እንደዚያው ነው የማስበው ጌታዬ።»

«ማነው?»

አሰልጣኙ ነው ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እኔ ሳላረጋግጥ የምናገር ሰው አይደለሁም። «አውጫጭኝ እናቁም» አልሁት። ሐሳቡ የእኔ ነው። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ አውጫጭኝ ያቆመ ሰው ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም አልሰማሁም።

አውጫጭኝን ድብ ባሕር ላይ በሬ ተሰርቆ አይቼዋለሁ። የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የተመረጡ ሰዎች ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ቄስ ያወግዛል፤ የሚያውቀውን የደበቀ የተገዘተ ይሁን ይላል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ብቻውን እየቀረበ ይናገራል። «አየሁ» ግን አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ተናጋሪዋ ወፍ ስለሆነች ጎረቤት ከጎረቤቱ አይቀያየምም። ነጋዴው ሐሳቡን ወደደው። የነፍስ አባቱን፣ ሸምገል ያሉ ቄስ፣ አስመጣ። ሰሚዎቹ ቄሱ፣ የጋራዡ ዘበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌና እኔ ሆንን።

ቅዳሜ ጠዋት ተጫዋቾቹ ሁሉ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። አሰልጣኙም ከእነሱ ጋር ተቀመጠ። የግቢው በር ተዘጋ፤ ነጋዴው በሩ ላይ ወንበር አስመጥቶ ጃንጥላውን ዘርግቶ ጠበቀ። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው አወገዙ። እኛ ሦስታችን ጎማ መጋዘኑ ውስጥ ገባን፤ ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ።

መጀመሪያ የጭልጋው ልጅ ገባ። መስቀሉን ተሳለመና አንገቱን ደፋ።

«ወፍ ነገረችኝ፤ የኮሶዬው ሰው ጠዋት ጠዋት ከአሰልጣኙ ቤት አፉን እየጠረገ ይወጣል ብላ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም። ወፊቱ ቸኩላ ነበር።»

የሚቀጥለው ልጅ ወፍ የጭልጋውን ልጅ ጠራች። የሦስተኛው ወፍ ሁለተኛውን ጠራች። እያንዳንዱ የሌላውን ያያል፣ የራሱን አይናገርም። ሽማግሌው ዘበኛ ጆሮዬ ሥር «እነዚህ ወፎች ሁሉ አንድ ዛፍ ላይ ነው ያደሩት» አሉኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሁሉም ገንዘብ በልተዋል ማለት ነው፤ አምስት ሰው የሚያስፈልግበት ጨዋታ ላይ እኔ ብቻዬን ስጫወት ከርሜያለሁ ማለት ነው።

በመጨረሻ ረጅሙ ገባ። የበሩ ጉበን ዝቅ ያለ ስለሆነ አጎንብሶ ነው የገባው፤ ገብቶም ቀና አላለም። ቄሱ መስቀሉን ሲዘረጉለት መሳለም አቅቶት ቆመ።

«ምን ነገረችህ?» አልሁት።

«እኔን ወፍ አልነገረችኝም አያ። ውግዘት አለብኝ፣ የራሴን ልናገር። እኔ ጠጥቻለሁ።»

«ምን ጠጣህ? አረቄ?»

«በሶ።»

ቄሱ የዘረጉትን መስቀል ወደ ደረታቸው መለሱ።

«በሶ በስኳር፣ በጣሳ» አለ። «ከልምምድ በፊት፣ በጨዋታም ቀን ጠዋት። 'ጉልበትህ ከቅርጫቱ ሥር ያልቃል፤ ለማንም አትንገር፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን' አለኝ። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ ሲገቡ ሳይ ግን እነሱ ገንዘብ የሚቀበሉ መሰለኝ። አባ፣ በሁዳዴ፣ ሰዓት ሳይደርስ።» ይህን ሲል ያ ሁሉ ቁመት ተሰብስቦ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

ቄሱ ሌሎቹን እንደገና አስጠሩ። አሁን ወፍ የሚባል ነገር ቀረ፤ ሁሉም በሶውን አመነ። እያንዳንዱ እሱ ብቻ የጠጣ፣ ሌላው ግን የሸጠ ይመስለው ነበር። ኳሱን ያልተቀባበሉት ለዚህ ነው። ሰውዬው ሆዳቸውን ሲሞላ ልባቸውን ለያይቶት ነበር፤ በዚያ ማንሾካሾኩ።

አሰልጣኙ ገባ። በተለመደው ቀስ ያለ ድምፁ ተናገረ፤ ምንም አልካደም። «እኔም ክርስቲያን ነኝ» አለ። «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ እኔ ግን አልሮጥም። ሰዓቱ ይዛወር ብዬ ለመንሁ፤ እምቢ ተባልሁ። በሰው ፊት ብሰጣቸው ያፍራሉ፤ ለዚህ ለየብቻ ሰጠኋቸው።»

«ከወታደሮቹ አሰልጣኝ ጋር ምን ያሳስቅህ ነበር?» አልሁት።

«አስመራ በአንድ ሜዳ ነው ያደግነው። ደግሞ ልምምድ ላይ አንተ ሕግ ስታነብልኝ የነበረውን ነገርሁት።»

ይህን አለፍሁት። ከዚህ የከበደ ጥያቄ ነበረኝ። «እኔን ምነው ለይተህ ተውኸኝ? እኔ አልጫወትም?»

«አምበሉ አልደከመም። በሁለተኛው አጋማሽ የሚቆም እግር የአንተ ብቻ ነበር፤ ለሌለ ድካም በሶ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

እውነት ነው፣ እኔ አልደከምሁም ነበር። ድብ ባሕር ያደገ ሰው ጾም አይጥለውም። ሆኖም መልሱ እንደ ማር ሲወርድልኝ ጊዜ መልሼ ጠረጠርሁት። ግን ጊዜ አልነበረም፤ ነጋዴው ውጭ ስም እየጠበቀ ነው። በሶውን ከሰማ አሰልጣኙ በዚያው ቀን በካምዮኑ ይመለሳል፤ በጾም ለበሉ ተጫዋቾችም ደመወዝ አይከፍልም፤ ሜዳው ፋሲካን ሳይጠብቅ ኑግ ይሞላበታል። እኔም ድብ ባሕር፣ ወንድሜ ደጃፍ።

ሦስታችን ወጣን። ነጋዴው ከወንበሩ ተነሣ።

«ወፊቱ ማንን ጠራች?»

ቄሱ ቀደሙ። «የሰማሁት የንስሐ ነገር ሆኖ ተገኘ ልጄ። ቀኖናቸውን እሰጣቸዋለሁ፤ ከእኔ ግን አይወጣም።»

«አባ፣ ከእኔም ይደብቃሉ? የነፍስ ልጅዎ አይደለሁም?»

«የአንተንስ ለእነሱ ነግሬያቸዋለሁ?» አሉት።

ነጋዴው ጃንጥላውን አጠፈ። ፊቱ ቀላ። ዘበኛውን ተመለከተ፤ ሽማግሌው ጆሯቸው እንደማይሰማ ሰው ሆኑ። ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ምሥጢር የማይቋጥር አፍ አለህ፤ ጎንደር ሁሉ ያውቀዋል። በል ንገረኝ። ከነገርኸኝ አሰልጣኙ አንተ ትሆናለህ።»

አንባቢ ይመስክርልኝ፣ ያን ሹመት እፈልገው ነበር። የሚገባውም ለእኔ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው አፌን ያያሉ፤ ረጅሙ ፊቱን በጉልበቱ መካከል ቀብሯል። የቄሱን መስቀል ያዝሁና ማልሁ።

«ከአሰልጣኙ እጅ ወደ ኪሴ ቤሳ፣ ወደ አፌ ጠብታ አልገባም። ከእነዚህም ልጆች ጨዋታ ለመሸጥ ገንዘብ የተቀበለ አንድም የለም። ይህን የምምለው ዛሬ የእያንዳንዱን ቃል በጆሮዬ ሰምቼ ነው።»

የማልሁት ሁሉ እውነት ነበር። ስለ በሶ አልማልሁም፤ እሱም ስለ በሶ አልጠየቀኝም።

«ታዲያ ምነው ተሸነፋችሁ?» አለኝ።

«ስለማንተማመን ነው ጌታዬ። አንዱ አንዱን ሌባ ነው ስለሚል ኳሱን እንደ ርስት ይዞ አይለቅም።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከእጄ ተቀብለው እንደ ዋዛ ጨመሩበት፦ «ደግሞ ጨዋታው ከቅዳሴ በኋላ፣ በአሥር ሰዓት ቢሆን ሕዝቡም ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ ቀምሶ ያየው ነበር። በስምንት ሰዓት ማን ያይልሃል?» ነጋዴው ለአሰልጣኙ የከለከለውን ለነፍስ አባቱ መከልከል አልቻለም። የሚያየው ሰው እንዲበዛም ይወድ ነበር። «እስከ ፋሲካ» አለ፤ «እስከ ፋሲካ ብቻ።»

ልጆቹ ቀኖናቸውን ተቀበሉ፤ ሁዳዴው እስኪያልቅ ማታ ማታ እየሰገዱ ጠዋት ጉልበታቸውን እያሹ ይመጡ ነበር። አሁን ግን አንዱ የሌላውን ያውቃል። መጀመሪያ የተጫወትነውን በመንገድ ሥራ ሠራተኞቹ ለጥቂት ተሸነፍን፤ ቢሆንም ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ያየ ሁሉ ተገርሟል። ከሆሣዕና በፊት በነበረው ዓርብ ከወታደሮቹ ጋር ገጠምን። ሕዝቡ በልቶ መጥቶ ግቢውን ሞልቶታል፤ ልብስ ሰፊውም አለ። የጭልጋው ልጅ ኳሱን ለእኔ፣ እኔ ለረጅሙ፣ ረጅሙ ወደ ቅርጫቱ፤ እንዲህ እየሆነ አሸነፍናቸው። የመጨረሻዋን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ወታደሮቹ ራሳቸው መስክረዋል።

ነጋዴው አላጨበጨበም። ከፋሲካ በኋላ ግን ኑጉን የጫነው ካምዮን መጥቶ ሌላ ቦታ አራገፈ፤ ወር ሲሞላም ደመወዛችን ተከፈለ። ዓመቱን የጨረስነው ከጅራት ከፍ ብለን ነው፤ ቡድኑ ግን አልተዘጋም፤ እኔም ድብ ባሕር የሄድሁት ለጥየቃ ብቻ ነው። አሰልጣኙም በቦታው ቆየ። ነጋዴው እሱን ባየ ቁጥር ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል፤ ያን ቀን በመጋዘኑ ውስጥ ምን እንደ ተነገረ እስከ ዕለተ ሞቱ ማንም አልነገረውም።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ልምምድ ስንጀምር አሰልጣኙን ዳር አስይዤ ያንኑ ጥያቄ መልሼ ጠየቅሁት። «አሁን ቄስ የለም፣ ውግዘት የለም። በእውነት ለምንድን ነው እኔን የተውኸኝ?»

ኳሱን በጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ «አንድ ቀን ነገሩ መውጣቱ አይቀርም ብዬ ነው» አለኝ። «ሲወጣ የሚምልልኝ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ አንድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያምነው ደግሞ አንተን ነው።»

በመጋዘኑ የሰጠኝ መልስ ሌላ ነበር። ሁለቱም መልሶች ደስ ይላሉ፤ ያላመንኋቸውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ሰውዬው ያን መሐላ ከእኔ በፊት አስቦት ነበር ማለት ነው፤ እኔን ደግሞ ማንም ቀድሞኝ አስቦልኝ አያውቅም። ፊቱን አጥብቄ አየሁት። ሳቁን ያፈነ ይመስል ነበር፤ ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶትም ሊሆን ይችላል።

«ጀምር አምበል» ብሎ ኳሱን ወረወረልኝ።

ቀለብሁት። ማንጠር ጀመርሁ፤ ዓይኔን ግን ከእሱ ላይ አላነሣሁም።